ለሽምግልና የቀረበው የፈረስ ስትራቴጂ

በኮሎምበስና በዙሪያዋ ለሰው ልጅ ዕድገት የተቋቋሙ ተቋማት ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ሕንፃ አላቸው፣ ሁሉም ደጃቸው ላይ ባንዲራ ተክለዋል። ያለ ሕንፃና ያለ ባንዲራ ከሁሉም የላቀው ግን ዌስተርቪል ውስጥ፣ በዘውዱ ጋራዥ፣ በሣር ማጨጃውና በክረምት ጎማዎቹ መካከል የሚገኘው የፈረስ እሽቅድምድም መረጃ መተንተኛ፣ መሞከሪያና ማጣሪያ ማዕከል ነው። ማዕከሉ አንድ የሚታጠፍ ወንበር፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕና አንድ ሠራተኛ አለው። ሠራተኛው ዘውዱ ነው። ዋና ዳይሬክተሩም ዘውዱ ነው። የሥራ ግምገማ ሲደርስ ሁለቱ ተመሰጋግነው ይለያያሉ።

ዘውዱ የሚተዳደረው ግሮቭ ሲቲ ካለ አንድ ዌርሃውስ ፎርክሊፍት እየነዳ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ካርቶን ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው ሲያዛውር ከርሞ አሁን በቃኝ ብሏል። ምኞቱ ትልቅ አይደለም፤ አንድ ያገለገለ ቦክስ ትራክ፣ ጀርባው ዝግ የሆነ የጭነት መኪና ገዝቶ፣ ካርቶን ማዛወሩን የራሱ አለቃ ሆኖ መቀጠል ነው። ለዳውን ፔይመንት፣ ለቅድሚያ ክፍያው፣ ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ ዶላር በሦስት ዓመት አጠራቅሟል። ትራኩንም አይቶታል። ነጭ ነው፤ ጎኑ ላይ ከቀድሞው ባለቤት የቀረ ትልቅ የዶናት ሥዕል አለበት። ሻጩ ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ይዞ እስከ ወሩ መጨረሻ ከመጣ ቁልፉን እንደሚሰጠው ነግሮታል። ዘውዱ በየቀኑ ከሺፍት ሲወጣ በዚያ በኩል ዞሮ፣ ዶናቱን ሰላም ብሎ ነው ቤቱ የሚገባው።

ማዕከሉ የሚያጠናው ውድድር ደግሞ ተራ ውድድር አይደለም። ከከተማው በስተደቡብ ባለው ሜዳ ፈረሶቹ ሰው በጀርባቸው አይጭኑም። እያንዳንዳቸው ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ይጎትታሉ፤ ጋሪው ላይ አንድ ቀጭን ሰው ደማቅ ልብስ ለብሶ፣ እግሩን አንፈራጥጦ ይቀመጣል። ዘውዱ ናዝሬት ስላደገ ጋሪ ብርቁ አይደለም። "እኛ ጋ ጋሪ አምስት ሰውና ሁለት ኩንታል ጤፍ ጭኖ ገበያ ይደርስ ነበር" ይላል። "እዚህ አንድ ሰው ጭኖ፣ ዞሮ ዞሮ የተነሣበት ቦታ ይመለስና ይጨበጨብለታል።" ከሁሉ የገረመው ግን ሕጉ ነው። ፈረሱ ሶምሶማ ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ቸኩሎ የጋለበ ፈረስ ወደ ዳር ወጥቶ እስኪሰክን ድረስ ሌሎቹ ያልፉታል። እንዲህ ያለ፣ መሮጥ የሚያስቀጣበት እሽቅድምድም ሲያይ ነው ዘውዱ "ይኼ ነገር እንደኛ ሰው ጭንቅላት ይፈልጋል" ያለው።

ትምህርቱንም አላጓደለም። የሁለት ሰዓት የዳታ ትምህርት ከኢንተርኔት አውጥቶ፣ በእጥፍ ፍጥነት አጫውቶ፣ በአንድ ሰዓት ተመረቀ። ከዚያ የሁለት ዓመት የውድድር ውጤት፣ አራት ሺህ ውድድር፣ ኤክሴል ላይ ገለበጠ። ሠላሳ አንድ ዓምድ አወጣለት፦ የፈረሱ ዕድሜ፣ የተነሣበት መስመር፣ ያረፈበት ቀን ብዛት፣ የነጂው ክብደት፣ የፈረሱ ጭራ መታሰሩና አለመታሰሩ። ሠላሳ አንደኛው ዓምድ "የፈረሱ ሁኔታ" የሚል ሲሆን ዘውዱ ፎቶውን አተኩሮ እያየ የሚሞላው ነው። "ቅር ያለው"፣ "ደኅና"፣ "አንድ ነገር ያሰበ" ተብሎ ይመዘገባል።

ስትራቴጂው መጀመሪያ ሲሞከር ከመቶ ውድድር አሥራ ሰባቱን አሸነፈ። ሰማንያ ሦስቱን ተሸነፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ስትራቴጂውን ይጥል ነበር። ዘውዱ ግን የሳይንስ ሰው ስለሆነ ውድድሮቹን ጣለ። በዝናብ ቀን የተደረጉትን በሙሉ አወጣቸው፤ ዝናብ ያበላሸው ውጤት የስትራቴጂው ጥፋት አይደለምና። ቀጥሎ የማክሰኞዎቹን አወጣ፤ ማክሰኞ ፈረሶቹ ልባቸው ሥራ ላይ እንዳልሆነ ከፎቶው ያስታውቃል። ነጂው ያስነጠሰ የመሰለበትን፣ ፀሐይ በግራ በኩል የመታችበትን፣ አሸናፊው ፈረስ ሳይገባው ያሸነፈበትን ሁሉ እያወጣ ስምንት ወር ሙሉ አጣራ። በመጨረሻ ከአራት ሺሁ ሃምሳ ንጹሕ ውድድር ቀረ። ከሃምሳው አርባ ሰባቱን ስትራቴጂው አሸነፈ። ዘጠና አራት በመቶ! በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት መቶ ዶላር አስይዤ ቢሆን ኖሮ ብሎ ሲያሰላው፣ የማዕከሉ የሙከራ ትርፍ ሠላሳ ስምንት ሺህ ዶላር ሆነ። በእውነት ያስያዘው ገንዘብ አንድም ሣንቲም የለም።

ይህን ታላቅ ዜና መጀመሪያ የሰማችው ባለቤቱ ሸዋረጋ ናት። ቤክስሊ ካለ የአረጋውያን መኖሪያ ሥራ ውላ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

"ስንት አልክ?"

"ሠላሳ ስምንት ሺህ።"

"የት አለ?"

"ሙከራ ላይ ነው።"

"ከሙከራ መቼ ይወጣል?"

"ማጣሪያው ሲያልቅ።"

ሸዋረጋ ትንሽ አሰበች። ሸዋረጋ ቁም ነገረኛ ሴት ናት። "እንግዲያውስ" አለች፣ "የኪችኑን ካውንተር ግራናይት እናድርገዋ። እስኪሠሩት ድረስ ይጣራል።" በማግሥቱ የግራናይት ናሙና፣ የድንጋይ ቁራጭ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ የሳይንስ ታሪክ ባልተበላሸ። ግን በእሑዱ አንድ የክርስትና ድግስ ነበረ፤ ዘውዱም ሰው በተሰበሰበበት ማዕከሉን ረስቶ መቀመጥ አልቻለም። የሸዋረጋ ወንድም ሚካኤል፣ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልሰው፣ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር።

"እንዴት ነው ፈረስህ?" አለው ሚካኤል።

"ሙከራው ሠላሳ ስምንት ሺህ ዶላር ደርሷል" አለ ዘውዱ፣ ድምፁን ለሦስት ጠረጴዛ በሚበቃ መጠን ከፍ አድርጎ።

ሰው ቁጥር ሲጠራ ከሰማ የዓረፍተ ነገሩን ሌላ ክፍል አይሰማም። ሚካኤል ሳህኑን አስቀመጠ። "ላፕቶፑ የእኔ እንደነበረ ታስታውሳለህ አይደል?"

"ሰጥተኸኝ የለ?"

"ሰጠሁህ እንጂ ሸጥኩልህ? በእኔ ላፕቶፕ የመጣ ገንዘብ ግማሹ የእኔ ነው።"

ዘውዱ እዚህ ላይ "ገንዘብ የለም፣ ከንቱ ግምት ነው" ማለት ነበረበት። ሦስት ጠረጴዛ ሰው ግን ፊቱን ወደሱ አዙሯል። "ዳታ ያውቃል" የሚል ስም በስንት ወር ልፋት የመጣ ነው። ስለዚህ ኮቱን አስተካክሎ፣ "ግማሽማ አይሆንም!" አለ። "አሥር በመቶ።"

"አርባ።"

"አሥራ አምስት። አእምሮው የእኔ ነው።"

"ሠላሳ። ቻርጀሩም የእኔ ነው።"

በሃያ አምስት በመቶ ተስማምተው፣ በምስክር ፊት እጅ ለእጅ ተማቱ። ዘውዱ የሌለ ገንዘብ ላይ ጥሩ ዋጋ ተከራክሬያለሁ ብሎ እየኮራ ቤቱ ገባ። የሠላሳ ስምንት ሺህ ሃያ አምስት በመቶ ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ መሆኑን ያሰላው ሚካኤል በማግሥቱ ኮል አድርጎ "መቼ ትልክልኛለህ?" ሲለው ነው። ዘውዱ ዘጋበት። ሚካኤልም ሽማግሌ ላከበት።

ዘውዱ ሳሎን የተሰየሙት ሽማግሌዎች ሦስት ነበሩ። ሰብሳቢው ጋሼ ወልደየሱስ የሦስት ቦርድ አባል ሲሆኑ፣ ሲናገሩ መነጽራቸውን የሚያወልቁ፣ ሲያዳምጡ የሚያጠልቁ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ጋሼ አንድርያስ፣ ጋሼ ወልደየሱስ ያሉትን በአጽንዖት በመድገም የታወቁ ናቸው። ሦስተኛው ሽማግሌ ሺፍት ላይ ስለነበሩ በስልክ፣ በስፒከር ተገኙ። ስልኩ ሶፋው ላይ፣ ትራስ ተደግፎ፣ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ በክብር ተቀመጠ።

"በመጀመሪያ ደረጃ" አሉ ጋሼ ወልደየሱስ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ቁማር ኃጢአት ነው። ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝልን።"

"ይያዝ" አሉ ጋሼ አንድርያስ።

"ይያዝ" አለ ስልኩ።

"በሁለተኛ ደረጃ፣ ስንት ነው?"

"ሠላሳ ስምንት ሺህ ዶላር" አለ ሚካኤል።

ጋሼ ወልደየሱስ ከወንበራቸው ወደፊት ተጠጉ። "ኃጢአቱ በወር ነው በዓመት?"

"ጋሼ፣ ገንዘቡ እኮ የለም" አለ ዘውዱ። "ሙከራ ነው። ያለፈ ውድድር ላይ፣ ቢሆን ኖሮ ተብሎ የተሰላ ነው።"

"የለም?" ሚካኤል ብድግ አለ። "በሌለ ገንዘብ አሥራ አምስት፣ ሃያ እያለ ሲከራከረኝ የነበረው ማነው? እጅ ለእጅ አልተማታንም?"

"ተማትተናል፣ ግን..."

"ሰው በሌለ ነገር ይከራከራል?" አሉ ጋሼ አንድርያስ።

ዘውዱ ወደ ሸዋረጋ ዞረ፣ ታድነው እንደሆነ። ሸዋረጋ የግራናይቱን ናሙና እያገላበጠች ነበር። "እኔንም ሲጣራ ይከፈላል ብሎኛል" አለች።

ዘውዱ ዶናቱ ታየው። ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶው ለሚካኤል ከሄደ ባንክ ውስጥ ሦስት መቶ ዶላር ይቀራል፤ በሦስት መቶ ዶላር የትራኩን ጎማ እንኳ አይገዛበትም። ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ስትራቴጂው አይሠራም" አለ። "የተሸነፈባቸውን ውድድሮች እያወጣሁ ነው ዘጠና አራት የሆነው። በዓይኔ ሳየው ከመቶ አሥራ ሰባት ነው።"

 ጋሼ ወልደየሱስ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ 'የለኝም' ነው የሚለው። እኛ ደግሞ ያላየነውን አንፈርድም። ስለዚህ በዓይናችን እናየዋለን። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አራት ውድድር አለ፤ ሜዳው ድረስ እንሄዳለን። የምታስባቸውን አራት ፈረሶች ከመጀመሩ በፊት ጽፈህ ለእኔ ትሰጣለህ፣ ኋላ እንዳትቀይር። ከአራቱ ሁለት እንኳ ካሸነፉ ስትራቴጂው ይሠራል፤ የሚካኤልን ድርሻ ትከፍላለህ። ካላሸነፉ ሚካኤል ይቅርታ ይጠይቅሃል።"

"ይጠይቃል" አሉ ጋሼ አንድርያስ።

"ታዲያ አንድም ሣንቲም አይያዝም" ብለው አከሉ ጋሼ ወልደየሱስ። "ለምን? ቁማር ኃጢአት ነው።"

ዘውዱ ያን ሳምንት ጋራዡ ውስጥ የማዕከሉን ታላቅ የሥራ ዘመን አሳለፈ። እውነተኛውን ስትራቴጂ ይዞ ቢሄድ መሸነፉ አይቀርም ነበር፤ ግን ልቡ አላመነውም። ስምንት ወር ሙሉ እባክህ አሸንፍ ብሎ የለመነው ነገር፣ እባክህ ተሸነፍ ሲሉት በእልክ ቢያሸንፍስ? ስለዚህ ለማንም ሳይናገር ስትራቴጂውን ገለበጠው። ሠላሳ አንዱን ዓምድ በሙሉ ከታች ወደ ላይ አዞረ፤ ስትራቴጂው "በፍጹም አይሆንም" የሚላቸውን ፈረሶች መረጠ። ሌዚ ሰንዴይ፦ ዕድሜው አሥራ አራት፣ አንድ ዓይኑ አያይም። ግራንማስ ሶፋ፦ ከሁለት ዓመት ወዲህ አንድም ፈረስ ቀድማ አታውቅም። ኖ ረሽ፦ ሁኔታው "ቅር ያለው"። ሜይቢ ቱሞሮው፦ ባለፈው ውድድር መሐል ላይ ቆሞ ሽንቱን የሸና። ዘውዱ ዝርዝሩን አይቶ በእርካታ ተነፈሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራው ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ ሆነ።

ቅዳሜ ሁሉም ሜዳው ላይ ተገኙ። ሽማግሌዎቹ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሦስተኛው ሽማግሌ በሚካኤል እጅ ላይ፣ በስፒከር። ጋሼ ወልደየሱስ ዝርዝሩን ተቀብለው፣ ጮክ ብለው አንብበው፣ የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

"እንግዲህ ይጀመር" አሉ። "እኔ አንድ ጊዜ ባትሩም ደርሼ ልምጣ። ስኳሩ ነው።"

"እኔም ፕሮስቴቱ" አሉ ጋሼ አንድርያስና ተከተሏቸው።

"ሚካኤል፣ የፈረሱን ቁጥር ድገምልኝ" አለ ስልኩ። "ልጸልይበት ነው።"

የመጀመሪያው ውድድር ተጀመረ። ሌዚ ሰንዴይ እንደሚጠበቅበት ከሁሉም ኋላ ሆነ። ዘውዱ ደስ ብሎት ሊቀመጥ ሲል፣ መሐል ሜዳ ካለው ኩሬ አርባ የሚሆኑ የካናዳ ዝይዎች ተነሥተው በቀጥታ ፈረሶቹ ፊት ላይ አረፉ። ሌሎቹ ሰባት ፈረሶች ደንብረው ጋለቡ። የጋለበ ደግሞ ወደ ዳር ይወጣል፤ ሰባቱም ወጡ። ሌዚ ሰንዴይ በዚያ በኩል ያለው ዓይኑ ስለማያይ ዝይ መኖሩንም አላወቀ። በሶምሶማ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው ረጋ ብሎ፣ አንደኛ ገባ።

"አንድ!" አለ ሚካኤል።

"ዝይ በዳታው ውስጥ የለም!" ብሎ ጮኸ ዘውዱ። "ይኼ መቆጠር የለበትም፣ መውጣት አለበት!"

"አይ ልጄ" አሉ ከባትሩም የተመለሱት ጋሼ ወልደየሱስ፣ ፊታቸው ፈክቶ። "እዚህ ያደረሰን እኮ ማውጣትህ ነው።"

በሁለተኛው ውድድር ዘውዱ መቀመጥ ተወ። ግራንማስ ሶፋ ስድስተኛ ነበረች። የፊተኞቹ ሦስት ጋሪዎች ጎማ ለጎማ ተያይዘው ቆሙ፤ አራተኛው እነሱን ሲሸሽ ጋለበ፤ አምስተኛው አራተኛውን አይቶ ጋለበ። ዘውዱ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ "ተመለሽ! ምን ያጣድፍሻል! አንቺ አሮጊት፣ ዕረፊ!" እያለ ይጮሃል። ግራንማስ ሶፋ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ጮሆላት ስለማያውቅ ማበረታቻ መሰላት፤ ጆሮዋን አቁማ ገባች። አጠገቡ የቆመ አንድ ፈረንጅ "እንዲህ ለፈረሱ ከልቡ የሚሆን ሰው አላየሁም" ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ፍርዱ በሁለተኛው ውድድር አልቋል። ዘውዱ "እንሂድ በቃ" አለ። ሽማግሌዎቹ ግን ሥራ በግማሽ መተው ልማዳቸው አይደለም። እንዲያውም በየመሐሉ ባትሩም መመላለሱ በረታባቸው። ጋሼ አንድርያስ አንዴ እየሮጡ ሲመለሱ፣ ዘውዱ ሦስተኛውን ፈረስ እያየ "ተው አንተ ሽማግሌ፣ ተው ቀስ በል!" አለ።

"እኔን ነው?" አሉ ጋሼ አንድርያስ ደንግጠው፣ እጃቸውን ከኪሳቸው እያወጡ።

"አይ ጋሼ፣ ፈረሱን ነው።"

ቅር ያለው ኖ ረሽ ከመጨረሻው መስመር ባሻገር አንዲት ሴት ፖም ስትገምጥ አየና ቅሬታውን ተወ፤ አንደኛ ገብቶ ፖሙን ጨረሰላት። በአራተኛው ውድድር ሜይቢ ቱሞሮው ከሌላ ፈረስ ጋር እኩል ገቡ ተብሎ ፎቶ ታየ። ሜይቢ ቱሞሮው እያዛጋ ስለነበር በምላሱ ቀድሞ ተገኘ።

"ስንተኛ ነው የገባው?" አለ ስልኩ እየተርበተበተ።

"አንደኛ" አለ ሚካኤል።

ከስልኩ ውስጥ እልልታ ተሰማ፤ ከዚያ ስልኩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ማለቴ፣ ያሳዝናል" አለ።

ዘውዱ ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ ትራኩን በሐሳቡ ሲሰናበት፣ ጋሼ ወልደየሱስ ክንዱን ይዘው ወደ አንድ ጥግ ወሰዱት። መነጽራቸውን አውልቀዋል።

"ልጄ፣ እባክህ መንጃ ፈቃድህን ይዘሃል?"

"ይዣለሁ ጋሼ። ለምን?"

ጋሼ ወልደየሱስ ከኪሳቸው አንዲት ትንሽ ቲኬት አወጡ። አራቱ ፈረሶች፣ አራቱም በአንድ ላይ፣ ዘውዱ በጻፈው ተራ። "እንዲያው ስትራቴጂውን በደንብ ለመመርመር ብዬ ነው" አሉ። "ሃያ ስምንት ሺህ አራት መቶ ዶላር ሆነብኝ። ልጅቷ መስኮቱ ላይ መታወቂያና ፊርማ ካልሰጠህ አልከፍልም አለች። የእኔ ስም ቁማር ላይ ይጻፍ? የሦስት ቦርድ አባል ነኝ እኮ። አንተ እንደሆነ አንዴ ስምህ በፈረስ ተነሥቷል።"

"ጋሼ፣ የእኔ ስም..."

"የሚካኤልን ነገር ለእኔ ተወው። እኔ አለሁ።"

ዘውዱ ዶናቱ እንደገና ታየው። ደግሞስ ለጋሼ ወልደየሱስ እምቢ የሚባለው እንዴት ነው? ከየት ተጀምሮ? ሄዶ ፈረመ። ግብር ተቀንሶ ገንዘቡ ተቆጠረ፤ ኤንቨሎፑ ወደ ጋሼ ወልደየሱስ ኪስ፣ ስሙና በጠቅላላው ያሸነፈው ገንዘብ የተጻፈበት የግብር ፎርም ወደ ዘውዱ ሱሪ ገባ። ወዲያው ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ "ዝይዎቹ ጣልቃ ስለገቡ ፈተናው ጥናት ይፈልጋል፤ ጉዳዩ ተዘግቷል" ብለው ወሰኑ። ሚካኤል እየተነጫነጨ ሄደ። ዘውዱ መኪናው ውስጥ ሆኖ ለትራኩ ሻጭ ደወለ፤ ዓርብ ገንዘቡን ይዤ እመጣለሁ አለው።

ማክሰኞ ሸዋረጋ ልብስ ልታጥብ ኪስ ፈተሸች።

ሐሙስ ሽማግሌዎቹ እንደገና ተቀመጡ። ፎርሙ ጠረጴዛው መሐል፣ በግራናይቱ ናሙና እንዳይበር ተጭኖ ተቀምጧል።

"ሙከራ ነው አለኝ" አለች ሸዋረጋ። "ሃያ ስምንት ሺህ! ኪሱ ውስጥ!"

"እኔንም 'የለም' ብሎኛል" አለ ሚካኤል። "ይኸው ስሙ!"

ዘውዱ ወደ ጋሼ ወልደየሱስ አየ። ጋሼ ወልደየሱስ አዲስ ኮት ለብሰዋል። መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ፎርሙን አንሥተው፣ በክንዳቸው ርዝመት ልክ ከዓይናቸው አርቀው፣ ከላይ እስከ ታች በጥሞና አነበቡት።

"ስም፣ ዘውዱ። ፊርማው የአንተ ነው?"

"የእኔ ነው፣ ግን ጋሼ እርስዎ ያውቃሉ..."

"እኔ የማውቀው ማንበብ ነው ልጄ። መንግሥት በሐሰት ፎርም ይጽፋል?"

"አይጽፍም" አሉ ጋሼ አንድርያስ።

"አይጽፍም" አለ ስልኩ። "ከውጤቱም ጋር አመሳክሬዋለሁ።"

እውነቱ ዘውዱ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በሰው ፊት፣ በገዛ ቤቱ፣ የሦስት ቦርድ አባልን "ቁማርተኛው እርስዎ ነዎት" ብሎ፣ ማን ሊያምነው? እሱ ራሱ ቢሆን አያምንም ነበር። እውነቱ ከምላሱ ጫፍ ተመልሶ ወደ ሆዱ ገባ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ዘውዱ አስቀድሞ በተስማማው መሠረት ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ዶላር ለሚካኤል ይከፍላል፤ የሃያ ስምንቱን ሺህ ድርሻ ሽማግሌዎቹ ለሰላም ሲባል ምረውለታል። ለሚስቱም ግራናይቱን ያሠራል። በቃለ ጉባኤውም ቁማር ኃጢአት መሆኑ በድጋሚ ተያዘ። ዘውዱ ስልኩን አውጥቶ ገንዘቡን እዚያው በዜል ላከ። ባንኩ ውስጥ ሦስት መቶ ዶላር ቀረ።

ሲወጡ ጋሼ ወልደየሱስ በር ላይ ኋላ ቀሩ። ጫማቸውን እየሳቡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ቂም አትያዝ ልጄ። ሽምግልና ለዘመድም አያዳላም። አሁን ግን አንድ ነገር... ያ ስትራቴጂህ። ለመጪው ቅዳሜ ያለውን ዝርዝር ብትልክልኝ። ለጥናት ነው። አንድርያስም፣ ስልኩም ማጥናት ይፈልጋሉ። ያገኘነውን በሙሉ ልናጠናበት ነው።"

"በሙሉ ጋሼ?"

"በሙሉ። እንዲህ ያለ ነገር በግማሽ አይጠናም። ብቻ አደራ፣ አንዲት ነገር ሳታዛባ፣ የስምንት ወር ልፋትህን እንዳለ።"

ዘውዱ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ተፈታ። "እንዳለ? ሳልነካካ?"

"እንዳለ።"

"እሺ ጋሼ። ለእርስዎ ያልሆነ።"

ዘውዱም ወደ ማዕከሉ ገባ። የሚታጠፈው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የተገለበጠውን ዝርዝር በጥንቃቄ ዘጋና ወደ ጎን አደረገው። ከዚያም ስምንት ወር የለፋበትን፣ ዝናብና ማክሰኞ የወጣለትን፣ ዘጠና አራት በመቶ የሚያሸንፈውን እውነተኛውን ስትራቴጂ፣ አንድም ፈረስ ሳይቀንስ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ለሦስቱም ሽማግሌዎች ላከላቸው።